መማለጃ ድንበር ሲሻገር

በአገራችን ጉቦ የሚባለው ነገር ስሙን እየለወጠ የኖረ እንጂ ጠባዩን የለወጠ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ ወደ ሹም ደጅ ሲሄድ ማር በገንቦ፤ ሙክት በገመድ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ስሙም እጅ መንሻ ይባል ነበር። ኋላም ገንዘብ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጥ ሆነና የሻይ ተባለ። ዛሬ ደግሞ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር ውል ሲፈረም ኮሚሽን፤ አለዚያም የአማካሪ ዋጋ ተብሎ በመልካም ወረቀት ተጽፎ ይቀርባል። ስሙ እያማረ በሄደ መጠን ገንዘቡ እየበዛ፤ ሰጪውና ተቀባዩም ከሕግ እጅ እየራቁ ሄደዋል።

ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚህ ስለ መጨረሻው ዓይነት ነው። ነገር ግን ድንበር ተሻጋሪውን መማለጃ በደንብ ለማወቅ አስቀድሞ በሰፈር ያለው መማለጃ ምን እንዳደረሰ ማስታወስ ይገባል። ለዚህም ከባሌ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ያለፈ መንገደኛ፤ ዲንሾን ተሻግሮ ወደ ሮቤ ሲወርድ የስንዴና የገብስ ሜዳ ይቀበለዋል። ከሮቤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ ጎባ ከተራራው ሥር ተቀምጣለች። ከጎባ በላይ ያለው መንገድ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ በዚያም ቱሉ ዲምቱ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ ናት፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። ዳኝነቱም፣ ግብሩም፣ የመሬቱም ጉዳይ የሚጨረሰው በጎባ ነበር፤ ስለዚህ ከቆላውም ከደጋውም ባለጉዳይ ስንቁን ቋጥሮ የሚወጣው ወደ እርስዋ ነበር።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የባሌ መሬት በቀላድ መለካት ከተጀመረ በኋላ በብዙ ባላገር ላይ ከአቅሙ በላይ የሆነ ግብርና ውዝፍ ወደቀበት። መክፈል ያቃተው ሰው መሬቱ ለመንግሥት ገቢ ተደርጎ ለሌላ ይሰጥበት ጀመር። የዘመኑን ነገር የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ጻፉት፤ ሹማምንቱ ከመንግሥት ግብር ሌላ ለራሳቸው የሚወስዱት ነበራቸው፤ አቤት ባዩም ፍርድ ለማግኘት እጁን ሳይሞላ መምጣት አልቻለም። መማለጃ የሌለው ድኻ እውነት ቢኖረውም አፍ አልነበረውም።

የዚህ ፍጻሜ ምን ሆነ? በ1955 ዓ.ም. በባሌ ዐመፅ ተነሣ፤ ከመሪዎቹም ስሙ የገነነው ዋቆ ጉቱ ነበር። ዐመፁም እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። ምክንያቱ መማለጃ ብቻ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው እውነትን ያጐድላል፤ የመሬት መነጠቅ፣ በሃይማኖትና በነገድ መናናቅ፣ ከጎረቤት ከሶማሊያ የመጣ ጦር መሣሪያም ነበረበት። ነገር ግን በደል የደረሰበት ሰው አቤት ብሎ የሚገላገልበት ፍርድ ቤት ቢኖረው ኖሮ ወደ ጫካ ለመሄድ ይህን ያህል ባልቸኰለ ነበር። ነገሩም በመጨረሻ የተፈጸመው በጦር ብቻ አይደለም፤ ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ዋቆ ጉቱን በንግግር አግባብተው አስገቡት፤ ምሕረትና የፊታውራሪነት ማዕረግም ተሰጠው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በፍርድ ወንበር ላይ በነጻ ሊሰጥ ይገባ የነበረው ነገር ከሰባት ዓመት ደም መፋሰስ በኋላ በምሕረትና በማዕረግ ተገዛ።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ወደ ዛሬው ነገር እንምጣ። የሲናና ወይም የአጋርፋ አንድ የስንዴ ገበሬ እናስብ። በዚህ ሰው ላይ መማለጃ የሚገባበት በር ሁለት ነው። አንደኛው በር ቅርብ ነው፤ የይዞታ ደብተሩን ለማሳደስ ወይም የወሰን ክርክሩን ለማስጨረስ ወደ ከተማ ሲመጣ፤ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና እያለ የሚያመላልሰው ጸሐፊ ነው። ይህን ገበሬው በዓይኑ ያየዋል፤ በስሙም ያውቀዋል።

ሁለተኛው በር ግን ሩቅ ስለ ሆነ አያየውም። ገበሬው በማሳው የሚበትነው የአፈር ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል የገባ ነው፤ ስንዴውን የሚያጭድለትም ኮምባይነር እንዲሁ። እንበልና አንድ የውጭ ነጋዴ 100 ብር የሚያወጣውን ዕቃ ለመንግሥት 120 ብር ብሎ ይሽጥ፤ ከተጨመረውም 20 ብር ላይ 10ሩን ውሉን ለፈረመው ሹም በሌላ አገር ባንክ ያስቀምጥለት። ነጋዴው አልከሰረም፤ እንዲያውም 10 ብር አተረፈ። ሹሙም ከኪሱ ያወጣው የለም። ታዲያ ያን 20 ብር የከፈለው ማን ነው? ማዳበሪያውን በጀርባው ተሸክሞ የሄደው ገበሬ ነው። ግዥው በብድር የተደረገ እንደ ሆነ ደግሞ ልጁ ከነወለዱ ይከፍለዋል። በማዳበሪያ ግዥ ላይ ይህ ሆኗል ማለታችን አይደለም፤ መማለጃው በጄኔቭ ወይም በዱባይ ተሰጥቶ ዕዳው ሲናና የሚደርስበትን መንገድ ለማሳየት ነው።

እንዲህ ያለው ውል ለባሌ እንግዳ ነው የሚልም ይሳሳታል። ከሳነቴ በስተ ደቡብ ባለው በሐረና ደን ዛፉ ሳይቆረጥ በመቅረቱ የዳነው የካርቦን መጠን እየተሰላ ለባሕር ማዶ ገዢ የሚቀርብበት ሥራ ከተጀመረ ዓመታት ሆኖታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ገባ ወደ ፊት ብዙ ውል ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሥራው መልካም ነው፤ እንዲሰፋም እንመኛለን። ነገር ግን ጫካውን የጠበቀው ባላገር፤ ጫካው በስንት እንደ ተሸጠና ድርሻው ስንት እንደ ሆነ በግልጥ ካልተነገረው፤ ንጹሕ የሆነውንም ሥራ በጥርጣሬ ያየዋል። ጥርጣሬ ደግሞ በባሌ ምን እንደሚወልድ ከላይ ተናግረናል።

ይህ ከባዕድ የሚመጣ መማለጃ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የግያዝን ነገር ያስታውስ። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ በተፈወሰ ጊዜ ለነቢዩ ለኤልሳዕ ብዙ ገጸ በረከት አቀረበ፤ ኤልሳዕም አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን በስውር ተከትሎ ሄደና በጌታው ስም ብርና ልብስ ለምኖ ተቀበለ፤ በቤቱም ሸሸገው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዛሬ የምናየው ነገር ሁሉ አለ። ሰጪው የውጭ ሰው ነው፤ ተቀባዩ ለታላቅ ሰው የሚያገለግል ነው፤ የተቀበለው በራሱ ስም ሳይሆን በላከው ስም ነው፤ ገንዘቡም ከሕዝብ ዓይን ተሰውሯል። ቅጣቱም በእርሱ ብቻ አልቀረም፤ ለምጹ ለዘሩ ተረፈ። በመማለጃ የተፈረመ የብድር ውልም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ለምጽ ነው። በእስልምናም ትምህርት ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም የተወገዙ ናቸው፤ ስለዚህ በባሌ ምድር በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሚሰገደው ሕዝብ በዚህ ነገር አንድ ቃል አለው።

በዓለም መንግሥታት ዘንድ ይህን ነገር በሕግ ለመከልከል የተደረገው ሙከራ ረጅም ዕድሜ የለውም። በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ሎክሂድ የሚባለው የአሜሪካ የአውሮፕላን ፋብሪካ ዕቃውን ለመሸጥ ለብዙ አገር ታላላቅ ሰዎች ገንዘብ መስጠቱ ተገለጠ። የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታናካ ካኩኤይ በዚሁ ምክንያት በ1976 ታሰሩ፤ በ1983ም 500 ሚሊዮን የን በመቀበል ጥፋተኛ ተባሉ። አሜሪካም በ1977 የአገሩ ነጋዴ ለውጭ አገር ሹም መማለጃ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1997 ሌሎች የኢንዱስትሪ አገሮች ተመሳሳይ ስምምነት ፈረሙ። ከዚያ በፊት በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ለውጭ ሹም የተሰጠ መማለጃ እንደ ንግድ ወጪ ተቆጥሮ ከግብር ይቀነስ ነበር። በአገራቸው ወንጀል የሆነው በእኛ አገር ሲደረግ ወጪ ይባል ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ይህ የ1977 ሕግ የአሜሪካን ነጋዴዎች በውድድር ይጎዳል በማለት፤ አዲስ ምርመራ ለ180 ቀን እንዳይከፈት አዘዙ። በሰኔ ወር አዲስ መመሪያ ወጥቶ ሥራው ቢቀጥልም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የአሜሪካን ጥቅም የሚነካው ጉዳይ እንዲሆን ተደነገገ። እኛ ለሌላ አገር መንግሥት ትእዛዝ ልንሰጥ አንችልም። ልንማርበት ግን እንችላለን። የጎረቤት ውሻ ቤታችንን ሲጠብቅልን ኖሮ እንደ ሆነ፤ ጎረቤታችን ውሻውን ባሰረ ጊዜ ተነሥተን የራሳችንን በር መዝጋት ይገባናል እንጂ በጎረቤት መቆጣት ዋጋ የለውም።

ድኻ አገር ይህን ማድረግ ይችላልን? የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱን ከአፍሪካ እናገኛለን። ሌሶቶ እንደ ባሌ ደጋ ተራራማ፤ ስፋቷም ከቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት እጅግ የሚያንስ አገር ናት። የተራራዋን ውሃ በግድብ አጠራቅማ ለደቡብ አፍሪካ የምትሸጥበትን ታላቅ ሥራ ይመሩ የነበሩት ማሱፋ ሶሌ፤ ከውጭ ኩባንያዎች በአማላጆች በኩል በስዊስ ባንክ ገንዘብ መቀበላቸው ተገለጠ። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝም 15 ዓመት ሆነ። ሌሶቶ ግን በተቀባዩ አላቆመችም። አክረስ የሚባለውን የካናዳ ኩባንያ በዚያው ዓመት፤ ላህማየር የሚባለውን የጀርመን ኩባንያ በማግሥቱ ዓመት በፍርድ ቤቷ አቁማ አስቀጣች። አክረስ የሰጠሁት የወኪል ዋጋ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ዳኞቹ ግን ስሙን ትተው ግብሩን መረመሩ። በ2004 የዓለም ባንክ ይህን ኩባንያ ለሦስት ዓመት ከሥራው አገደው። ትንሽቱ አገር ይህን ያደረገችው በሀብቷ ብዛት አይደለም፤ የባንክ መዝገብ ከስዊስ መንግሥት ጠይቃ ስላገኘችና ዳኞቿም ሰው ፈርተው ስላልፈረዱ ነው።

በአገራችንስ ሕግ የለም እንዳንል ሕጉ ብዙ ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በግንቦት 1993 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ2000 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ሙስና ስምምነት አጸደቅን። በ2002 ዓ.ም. ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ፤ በ2007 ዓ.ም. የሙስና ወንጀሎች በአንድነት እንዲቀጡ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወሰደው ንብረት እንዲመለስ አዋጅ ወጣ። የጐደለን አዋጅ አይደለም፤ አዋጁ የሚውልበት ጊዜና የሚደርስበት ሰው ነው።

የሆነውን በቅደም ተከተል እንይ። አቶ ታምራት ላይኔ በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሻሩ፤ በ1992 ዓ.ም. በሙስና 18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2001 ዓ.ም. ተፈቱ። አቶ ስዬ አብርሃ ከፓርቲያቸው መሪዎች ጋር በተለያዩበት በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተከሰው ታሰሩ፤ ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው ቢፈርዱ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ ዋስትና የሚከለክልም ሕግ ወጣ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ፤ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ እንደ ፈጸመ ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ የኮርፖሬሽኑ የቀድሞ ኃላፊዎችም ተያዙ። ይህ የከሳሽ ቃል ነበር፤ ፍርድ ደግሞ የዳኛ ስለ ሆነ እኛ በማንም ላይ አንፈርድም።

ነገር ግን በሦስቱም ጉዳይ አንድ ነገር ይታያል። ክሱ የመጣው ሰዎቹ ከሹመት ከወረዱ ወይም ከሥልጣን ባለቤቶች ጋር ከተለያዩ በኋላ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ክፉ ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕጉ ሰውየውን ሲሻር ብቻ የሚይዘው ከሆነ፤ ሹሙ የሚማረው አለመብላትን ሳይሆን አለመሻርን ነው። ሕዝቡም ክሱን የፍርድ ሳይሆን የጠብ ፍሬ አድርጎ ያየዋል፤ የእውነተኛው ሌባ ቅጣት እንኳ ያን ጊዜ ክብሩን ያጣል።

ይህን በማሰብ ለሹማምንት የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ መንግሥት ከውጭ ነጋዴ ጋር የሚፈርመው ታላቅ ውል ሁሉ ዋጋው፣ ሻጩና በመካከል የገባው ደላላ በስሙ ታትሞ ይውጣ። የአገር ጥበቃ ምሥጢር የሆነው ጥቂት ነው፤ የማዳበሪያ፣ የኮምባይነርና የካርቦን ዋጋ ግን ምሥጢር ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፤ የሹማምንት የሀብት መዝገብ በሚስት፣ በልጅና በወንድም ስም በውጭ አገር የተከፈተውን የንግድ ቤት ጨምሮ ለሚጠይቅ ሁሉ ይገለጥ። ተቆልፎ የሚቀመጥ መዝገብ ብል ይጠቀምበት ይሆናል እንጂ ሕዝብ አይጠቀምበትም። ሦስተኛ፤ መርማሪውና ዳኛው በሥራ ላይ ያለውን ሹም ሲጠይቁ ከሥራቸው የማይነቀሉ ይሁኑ። ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም የውጭ ኩባንያ በፍርድ ያቁሙ፤ ሰጪው ካልተቀጣ ነገ ሌላ ተቀባይ አያጣምና።

ለካህናትና ለሊቃውንትም አንድ ቃል አለን። ሹሙ ከሕግ ይሸሽ እንጂ ከንስሐ አባቱ አይሸሽም። የንስሐ አባት ልጁ ስንት ጊዜ እንደ ጾመ ብቻ ሳይሆን አዲሱን ቤት በምን እንደ ሠራው ይጠይቀው። ገንዘቡ ከመማለጃ የመጣ እንደ ሆነ ለጉልላት ማሠሪያ ሰጠሁ ቢል አይቀበለው፤ ከገበሬው ጎተራ የተወሰደ እህል በቤተ መቅደስ ቢቆለል መባ አይሆንም። ኤልሳዕ የንዕማንን ብር የመለሰው ብር ስለማያስፈልገው አልነበረም።

ከባሌ ተራሮች የሚፈልቁት ዋቤ፣ ወይብና ገናሌ ወደ ቆላው ወርደው ድንበር ተሻግረው ይሄዳሉ። ውሃውን ማንም አይወቅሰውም፤ ጠባዩ ነውና። የአገር ገንዘብ ግን በራሱ አይፈስስም፤ የሚፈስሰው በሚፈርም ሰው እጅ ነው። የሚፈርመው ሰው ብዕሩን ባነሣ ጊዜ ከፊቱ የተቀመጠውን እንግዳ ብቻ ሳይሆን፤ በሲናና ሜዳ ቆሞ ዝናብ የሚጠብቀውን ገበሬም ይመልከት። የጎባ ደጅ ተዘግቶበት ያ ገበሬ ወዴት እንደ ሄደ አባቶቻችን አይተዋል።